የስምንተኛ ክፍል የክብደት ወረቀት

ጡረታ በወጣሁ ቀን ትምህርት ቤቱ ብርድ ልብስ፣ የግድግዳ ሰዓትና አንድ ንግግር ሰጠኝ። ብርድ ልብሱ ጥሩ ነው። ሰዓቱ በሳምንቱ ቆመ። ንግግሩን ያደረገው ወጣቱ ርእሰ መምህራችን ነበር፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ «የኅብረተሰቡን ባህልና ወግ ጠንቅቀው በማወቅ» እንዳገለገልኩ ከወረቀት ላይ አነበበ። ዐረፍተ ነገሩን ስሰማ ዳቦ በአፌ ይዤ ነበር። አውጥቼ በመሐረቤ ጠቀለልኩት። የኅብረተሰቡን ባህል ጠንቅቄ በማወቄ የሞተች አንዲት ልጅ አለችና።

ስለ አገራችን የውጭ ሰዎች የጻፏቸውን መጻሕፍት ብዙ አንብቤያለሁ። እኛ የአገሬው ጸሐፊዎች ደግሞ ለእነዚያ መጻሕፍት የምንሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አላወቁንም፣ ባህላችን አልገባቸውም። እኔም በወጣትነቴ በዚህ ርእስ ሁለት ሦስት ጽሑፍ ጽፌ ተጨብጭቦልኛል። ዛሬ የምጽፈው ግን አንድ የውጭ ሰው በትክክል ስላየውና አንድ የአገር ሰው አሳምሮ ስላስተባበለው ነገር ነው። የአገሩ ሰው እኔ ነኝ።

መካነ ሰላም የደረስኩት በስልሳ አራት ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ከደሴ በተነሳ የጭነት መኪና፣ በጨው ጆንያዎች መካከል ተቀምጬ ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። ካዛንቺስ ተወልጄ ካዛንቺስ አድጌያለሁ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ የማውቀው ቦታ ቢኖር ደብረ ዘይት ነው። ከመኪናው ስወርድ ውሃ የተሸከመች አንዲት ሴት አገሬ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ጫማዬን፣ ሱሪዬን፣ ከዚያ ፊቴን አየችና «ይብላኝ ለእናትህ» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

በትምህርት ቤቱ የመንግሥት መዝገብ ላይ አንድ የውጭ አገር መምህር ብቻ ነበር። በእውነቱ ሁለት ነበርን፤ አንዱ ከህንድ፣ ሌላው ከካዛንቺስ። የባሰብኝም እኔ ነበርኩ። ዳቦ የሚሸጥ የለም። ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባና የአልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዝም ይላል፤ ዝም ብሎ መቀመጡ ጥየቃ መሆኑን ለማወቅ ሦስት ወር ፈጀብኝ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሰብሉ፣ ስለ ዘመዱ ሁሉ ተጠያይቆ ሲያልቅ ነው ሰው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። እኔ «ደህና» ብዬ ስቆርጠው ሕፃናት ሳይቀሩ ይስቁብኝ ነበር። ደመወዛችን ደግሞ ከደሴ የሚመጣው በወሩ ሳይሆን በመንገዱ ፈቃድ ነው፤ ዝናብ ከጣለ እስኪደርቅ መጠበቅ ነበር።

ህንዱ ሚስተር ኩርያን ይባላል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ ጠቆር ያለ ሰው ነበር፤ ነጭ ሸሚዙን በየቀኑ ራሱ አጥቦ ይለብሳል። ሒሳብ ያስተምራል። ከእሱ ጋር የማወራው በእንግሊዝኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ አንተና አንቱን አይለይም፤ እኔ ግን ሳስታውሰው ያልኩትን ሁሉ በአንቱ ነው የምሰማው።

መምህርነትን የተማርኩት ከእሱ ነው። ጠመኔውን በቆርቆሮ ሣጥን ይዞ ይገባል፤ ሰሌዳውን በሦስት ዓምድ ይከፍላል። ክብ የሚሥለው ጠመኔ ጫፉ ላይ በታሰረ ክር ነው፤ ክሩን በአውራ ጣቱ ተጭኖ አንድ ጊዜ ሲያዞረው ክፍሉ ትንፋሹን ይውጣል። ተማሪ ሲሳሳት ስሕተቱን አያጠፋም። በላዩ ቀጭን መስመር ይሰርዝና ከሥሩ ትክክለኛውን ይጽፋል። «አታጥፋው፤ የመጣንበትን መንገድ ያሳያል» ይለኝ ነበር። ትክክል የመለሰውንም አያሞግስም። ለሁሉም አንድ ጥያቄ ነው ያለው፦ «በምን አወቅህ?» መልሱን ከጓደኛው ገልብጦ የመጣ ልጅ ይንተባተባል፤ ያወቀ ልጅ ያብራራል። ለርእሰ መምህሩ ለአቶ ሙላትም፣ ለነጋዴውም፣ ለእኔም ጥያቄው ያው ነበር።

ከእኔ በፊት አራት ዓመት ቆይቷል። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም የሄደ ዕለት ሰዎች ደጀ ሰላሙ ላይ አስቁመው ክርስቲያን ስለመሆኑ ጠየቁት። አንገቱ ላይ ያለውን መስቀል አሳየ፤ አላመኑትም። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በአገሩ ቤተ ክርስቲያን ቋንቋ፣ በሱርስት፣ ማዜም ጀመረ። ለበዓሉ ከቆላ የመጡ አንድ መሪጌታ፣ መሪጌታ ኅሩይ፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው እስኪጨርስ ሰሙትና «ቋንቋውን አላውቀውም፤ ሰውየው ግን የሚለምነውን ያውቃል። ይግባ» አሉ። ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ መሪጌታ ልጃቸውን ጥሩወርቅን ይዘው መጥተው «ያ የሚያዜመው ሰው ያስተምርልኝ» ብለው አስመዘገቧት። ሴት ልጅ ከቆላ ወደ ከተማ ለትምህርት መላክ በዚያ ዘመን ያስወቅሳል፤ የመሪጌታ ልጅ ስትሆን ደግሞ ይብሳል።

ስልሳ አምስት ዓ.ም. ሲገባ ጥሩወርቅ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ዐሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዛ ወደ አገሯ ትወርድና እሑድ ስንቋን በስልቻ ተሸክማ ትመለሳለች። ሚስተር ኩርያን ክሩን ለተማሪ አሳልፎ የሚሰጠው ለእሷ ብቻ ነበር። በሰኔ የሚኒስትሪ ፈተና ታልፋለች፣ ከዚያ ደሴ ገብታ መምህርት ትሆናለች ብሎ ወስኗል። አንድ ቀን እየሰማኋቸው «ሚስተር፣ መምህርት ስሆን ጠመኔውን በሣጥን ነው የምይዘው?» አለችው።

«ሣጥኑን እሰጥሻለሁ።»

«ዝጓል እኮ።»

«በምን አወቅሽ?»

«እጅዎን አይቼ» አለች፤ ቡናማ የሆኑትን ጣቶቹን እያሳየችው። ሲስቅ ያየሁት አልፎ አልፎ ነው፤ ያን ቀን ሳቀ።

የክብደቱን ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። ግራፍ ማስተማር ፈለገ። መጽሐፉ ላይ ያለው ምሳሌ የእንግሊዝ ባቡር ፍጥነት ነበር፤ ባቡር ያየ ተማሪ የለንም። ስለዚህ የራሳቸውን ክብደት በየወሩ ለክተው መስመሩን እንዲሥሉ አሰበ። የእህል ነጋዴው ሐጂ ይማም ገበያ በማይቆምበት ቀን ባስኩላቸውን ሊያውሱት ተስማሙ። «ሰው ልትመዝን ነው?» አሉት። «እንግዲህ ዋጋውን ስታወጣ ንገረኝ!» ክፍሉ ውስጥ አራት የወንዶችና አንድ የሴቶች መቀመጫ መደዳ ነበር፤ ከየመደዳው አንድ ተወካይ ተመረጠና አምስት መስመር ትልቅ ወረቀት ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። የሴቶቹ መስመር የጥሩወርቅ ነበር።

በመጀመሪያው ምዘና ላይ ጋቢ ይውለቅ ተባለና ወንዶቹ እየተሳሳቁ አወለቁ። ሚስተር ኩርያን ሴቶቹም ነጠላቸውንና መቀነታቸውን እንዲፈቱ ሊነግር ሲል ክንዱን ያዝኩት።

«እዚህ ሴት ልጅ በወንድ ፊት መቀነትሽን ፍቺ አትባልም» አልኩት። «ነውር ነው። አባቶቻቸው ቢሰሙ ከትምህርት ቤት ያስወጧቸዋል።»

ትንሽ አሰበ። «ግድ የለም። ሁልጊዜ ያንኑ መቀነት ከታጠቀች ስሕተቱ ቋሚ ነው። ቋሚ ስሕተት መስመሩን አያበላሽም።»

ያልኩት እውነት ነበር። አሁንም እውነት ነው። ካዛንቺስ የተወለደ ልጅ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ይህን ያህል ባህል ማወቁ እንኳ አኩርቶኝ ነበር።

በመጋቢት አራቱ መስመሮች ወደ ታች አዘነበሉ።

ሚስተር ኩርያን ወረቀቱ ፊት ቆሞ ጠራኝ። «ወዳጄ፣ ይህን ታያለህ?»

«ዐቢይ ጾም ነው» አልኩት።

«በምን አወቅህ?»

«እንዴት በምን አወቅህ ይሉኛል? አገሬ ነው።»

«አገሬ ካዛንቺስ ነው ያልከኝ መስሎኝ።»

ተሳሳቅን። ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «እኛም እንጾማለን። የእኛ ልጆች ግን እንዲህ አይከሱም። እኔ ልጅ ሆኜ በአገሬ ረሃብ ገብቶ ነበር። ልጆች ጥያቄ ስትጠይቃቸው ከመመለሳቸው በፊት ትንሽ ይዘገዩ ነበር፤ ሰነፍ ሆነው አይደለም። እነዚህም መዘግየት ጀምረዋል።»

«የእኛ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዚያም በኋላ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። የእናንተን እንጃ እንጂ የእኛ ከባድ ነው» አልኩ። እኔ ራሴ በዚያ ጾም አንድም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቆየሁም።

በማግሥቱ ከሐጂ ይማም አንድ ጆንያ ሽምብራ ገዝቶ ቤቱ አስገባ። በረፍት ሰዓት ንፍሮ እየቀቀለ ለተማሪዎቹ ለመስጠት አስቧል፤ ተገቢ መሆኑን እኔን ጠየቀኝ። ለምን እኔን? የአገሩ ሰው ስለሆንኩ ነዋ!

«በዐቢይ ጾም፣ ጠዋት፣ ለቄስ ልጆች ምግብ?» አልኩት። «ህንዱ ልጆቻችንን ጾም ሊያስገድፍ መጣ ይላሉ። ደጀ ሰላም ላይ ያስቆሙዎትን ረሱት? ደግሞ እነሱን ይጠይቋቸው።»

ጠየቃቸው። ክፍሉ ፊት ቆሞ በተሰባበረ አማርኛ «ዛሬ ምግብ በላችሁ?» አላቸው። ሁሉም በአንድ ድምፅ «ጾም ነው ሚስተር!» አሉት። ጥሩወርቅ ከሁሉም በላይ ጮኻ ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ ነገርኩዎት አይደል በሚል ዓይን አየሁት። ሽምብራው ጆንያው ውስጥ ቀረ።

በዚያን ሰሞን ምን እያነበብኩ እንደነበር ብናገር አንባቢ ያጋነንኩ ይመስለዋል። ከደሴ ተውሼ ባመጣሁት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ላይ ስለ አየርላንድ ረሃብ አነብ ነበር። ድንቹ እንዴት እንደበሰበሰ፣ ባለርስቶቹ ምን እንዳሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። በጎን ገበያው ላይ በሬ በበግ ዋጋ ሲሸጥ እያየሁ ሥጋ ረከሰ ብዬ ተደስቻለሁ። ሐጂ ይማም «አስተማሪው፣ ዘንድሮ በልጉ የለም። አላህ ይሁነን» ቢሉኝ «አሚን» ብዬ አለፍኩ። መጽሐፌ ጋ ልመለስ ቸኩዬ ነበር።

አምስተኛው መስመር፣ የጥሩወርቅ፣ አልወረደም። በጥር በነበረበት ነው ያለው፤ ቀጥ ብሎ። ይህች መስመር ለእኔ የመጨረሻ ማስረጃዬ ሆነች። ከሁሉም አጥብቃ የምትጾመው የመሪጌታ ልጅ ካልከሳች ሌሎቹ ወይ ቀበጥ ናቸው፣ ወይ ታመዋል፣ ወይ ባስኩላው አርጅቷል።

ፋሲካ አለፈ። በሳምንቱ ሲመዘኑ አራቱ መስመሮች የባሰ ወረዱ። «ሰውነት ቶሎ አይመለስም» አልኩ። የግንቦት መጨረሻ መጣ። ያን ቀን ልጆቹ ባስኩላው ላይ ሲወጡ አይሳሳቁም፤ አንዱ ጋቢውን አውልቆ መልሶ ማንሳት አቅቶት ጓደኛው አለበሰው። ጥሩወርቅ መጨረሻ ወጣች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ መቀነቷን አጥብቃ። ያው ክብደቷ ነው።

ሚስተር ኩርያን አራቱን ነጥቦች አስቀምጦ መስመሮቹን አገናኘና ዞር አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በእነዚህ ቀናት ጾም የለም። በእናንተስ?»

አላውቅም ማለት እችል ነበር። መሪጌታ ኅሩይን ወይም አንዱን ካህን እንጠይቅ ማለት እችል ነበር። ያ ጥያቄ ሲቀርብልኝ ግን ከአንድ የውጭ ሰው ፊት የራሴን ሃይማኖት አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ።

«የነፍስ አባት ለየግሉ ቀኖና ይሰጣል» አልኩት። «የንስሐ ጾም። አይነገርም፤ ምስጢር ነው። ይህን አገር ሰው ካልሆኑ አይረዱትም። ባህላችን ጥልቅ ነው ሚስተር ኩርያን። ይልቅ የጥሩወርቅን መስመር ይመልከቱት።»

የጥሩወርቅን መስመር አየ። ራሱን እንደ አገሩ ሰው ልማድ ወዲያና ወዲህ ነቀነቀ፤ እሺ ማለት ይሁን እምቢ ማለት ይሁን ተማሪዎቹ በዚህ ሁሉ ዓመት ያልለዩት አነቃነቅ ነው። በዚያ ቀን እኔም አልለየሁትም።

ከዚያ ትምህርቱ ቀጠለ። ክሩን ለጥሩወርቅ ሰጣት። ሰሌዳው ጋ ሄደች፣ አውራ ጣቷን ተጫነች፣ ግማሹን ክብ አዞረች። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ወደ ታች ረጅም መስመር እየጻፈ እሷን ተከትሎ ወረደ።

በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድናት። ከተሸከሙት አንዱ መንገድ ላይ «ይቺ ልጅ ስታዩዋት ቀጭን ናት እንጂ ትከብዳለች» አለ። እሰይ፣ ረሃብ አይደለም ብዬ በልቤ ተጽናናሁ። የጤና ጣቢያው አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ተስቦ ነው አለ። ሚስቱ ልብሷን ልታላላላት መጋረጃውን ዘጋች፤ ትንሽ ቆይታ የተጠቀለለ መቀነት ይዛ ወጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከባድ ነበር።

«ይህን ለአባቷ ስጥ» አለችኝ። «አንተ እንዳትፈታው።»

አልፈታሁትም። የሴት ልጅ መቀነት አይፈታም።

ሚስተር ኩርያን ያን ዕለት ማንንም አልጠየቀም። ከጤና ጣቢያ ወጥቶ ቤቱ ገባ፤ ትልቁን ብረት ድስት ተሸክሞ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ፤ ሽምብራውን ሜዳው ላይ ቀቀለ። ልጆቹ መጀመሪያ ዞር ብለው ቆሙ። አንዱ ቀረበ። ከዚያ ሁሉም ቀረቡ። የበሉት ሳይናገሩ ነው፤ ውሃውንም ጠጡት። የተቆጣ ቄስ አልነበረም። እንዲያውም አንድ ሽማግሌ ቄስ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ቆመው አዩ፣ ከዚያ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ገቡና እጃቸውን ዘረጉ።

ጥሩወርቅ በሦስተኛው ቀን ሞተች። አቶ ሙላት መዝገቡ ላይ «በሕመም ምክንያት» ብለው ጻፉ።

መሪጌታ ኅሩይ የደረሱት ከተቀበረች በኋላ ነው። መልእክተኛው ከቤታቸው አጥቷቸው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ብቻቸውን ማኅሌት ሲቆሙ አገኛቸው፤ ምእመኑ ወደ ደሴ መንገድ ወጥቶ አልቋል። እኔ ቤት መጡ። የማውቃቸው ሰው አልነበሩም። አንገታቸው ከቀሚሳቸው ውስጥ እንደ እንጨት ወጥቷል። አብሮኝ የነበረው ሚስተር ኩርያን ወንበሩን ለቅቆላቸው መሬት ላይ ተቀመጠ።

መናገር ስለነበረብኝ ተናገርኩ። «የኔታ፣ እኛ እኮ አልጠረጠርንም። ጾም አብዝታ መሰለን። ቀኖና ተሰጥቷት ይሆናል ብለን…»

ቀና አሉ። «ቀኖና? በሃምሳው?»

«የንስሐ…» ብዬ ጀመርኩ።

«በበዓለ ሃምሳ ጾምም ስግደትም የለም ልጄ። በየትም የለም። ይህን እረኛ ያውቀዋል። አንተ ክርስቲያን አይደለህ እንዴ?»

መሬት ላይ የተቀመጠው ሚስተር ኩርያን አማርኛው ምን ያህል እንደገባው አላውቅም። «ሃምሳ» የሚለውን ቃል ግን ያውቀው ነበር። አየኝ። የተቆጣ አይደለም። ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ ተማሪን የሚያይበት ዓይን ነው።

መቀነቱን አምጥቼ ሰጠኋቸው። ከባድነቱ ገረማቸው። በእግራቸው መካከል አኑረው ቀስ ብለው ፈቱት። የወንዝ ድንጋይ ነበር። ሰባት። ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን መርጣ፣ እንዳይጋጭ እያንዳንዱን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ወገቧ ዙሪያ እንዲተኛ በተራ ሰፍታዋለች። በእያንዳንዱ ጨርቅ ላይ በእርሳስ የወር ስም ተጽፏል። መጋቢት አንድ። ሚያዝያ ሁለት። ግንቦት አራት። ስንት እንደምትጨምር አስልታለች። ሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ነበረች።

መሪጌታ ጨርቁ ላይ ያለውን ጽሕፈት በጣታቸው ተከተሉ። በኋላ ያሉት ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አልታወቀኝም።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ቤት ምንም የለም። ሰው ሲያያት ባዶ እንዳይመስል ስልቻዋን ገለባ እየሞላች ትመለስ ነበር። እኔ ነኝ ያልኳት። የካህን ቤት ራበው ከተባለ ደብሩ ተዋረደ፤ የቤታችንን ገመና እንዳታወጪ አልኳት። ምን አለችኝ መሰላችሁ? አብሽር አባባ፣ ሚዛን እንኳ አያወጣብንም አለችኝ። ሚዛኑ ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመኔን ባጭሩ ልጨርሰው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ቢሆንም ባጭሩ ያልቃል። በሰኔ ኢንስፔክተር ይመጣል ሲባል አቶ ሙላት «ያን ወረቀት አንሱልኝ፤ ምን ያስባሉ?» አሉ፤ ሚስተር ኩርያን ራሱ አንስቶ አጠፈው። በተከታዩ ዓመት የካቲት ላይ አብዮቱ ፈነዳ። መምህራን ሥራ አቆምን፤ እኔ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በርሜል ላይ ወጥቼ ረሃቡን የደበቁ ሁሉ ለፍርድ ይቅረቡ ብዬ ጮህኩ። ጥሩ ተናጋሪ ነበርኩ። ሚስተር ኩርያን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ከኋላ ቆሞ ሰማኝ። ስወርድ ጠጋ አለና «የደበቁትን ስም ዝርዝር ስታነብ የራስህን አልሰማሁም። ምናልባት እንግሊዝኛ ስላልነበረ ይሆናል» አለኝ። ውሉ ሲያልቅ ሻንጣውን ይዞ በጭነት መኪና ሄደ። ዳግመኛ አላየሁትም። የታጠፈውን ወረቀት ለእኔ፣ የጠመኔ ሣጥኑን ለጥሩወርቅ የክፍል ጓደኛ ትቶላት ነበር።

በኋላ አጅባር ተዛወርኩ፣ ርእሰ መምህር ሆንኩ። በሰባ ሰባት ረሃቡ ሲመለስ፣ በአንድ ስብሰባ ላይ አንዲት የውጭ አገር ነርስ ልጆቹ እየሞቱ ነው ስትል አንድ ሹም ተነሥቶ «እኅታችን ባህላችንን ስለማታውቂ ነው» አላት። ሳቅሁ። ጮክ ብዬ፣ ማቆም አቅቶኝ። ከርእሰ መምህርነት የተነሳሁት በዚያ ሳቅ ነው። ቅሬታ የለኝም። ትምህርት ቤቴ ውስጥ ግን ድስት ተጥዶ ነበር፤ ለማስጣድ ማንንም አልጠየቅሁም። ከመመዘናቸውም በፊት ልጆቹን፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ የድሬሰሩን ሚስት የምትመስል አንዲት ሴት ከመጋረጃ ኋላ ትፈትሻቸው ነበር። ነውር ነው ያሉ ወላጆች ነበሩ። ይሁን አልኳቸው።

አንድ ነገር አስቀርቻለሁ፤ ወረቀቱ ሳይነሳ የሆነውን።

መሪጌታ ድንጋዮቹን ይዘው ሊሄዱ ሲነሡ ሚስተር ኩርያን ተነሥቶ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «አባቴ፣ ትንሽ ጊዜ። እመልሳለሁ» አላቸው። ሰጡት። ወደ ሐጂ ይማም ሱቅ ተከተልኩት። ባስኩላው ለድንጋይ አይመችም ብሎ ባለ ሁለት ሳህኑን ትንሹን ሚዛን ጠየቀ።

«ምንድነው የምትመዝኑት?» አሉ ሐጂ ይማም።

ነገርኳቸው። እጃቸው ሚዛኑ ላይ ቀረ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ፤ ከዚያ የሱቁን በር ራሳቸው ዘጉት። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ሳህኑ ላይ ያኖሩት እሳቸው ናቸው፤ እንደ እንቁላል በሁለት እጃቸው እያነሱ።

ሚስተር ኩርያን ቁጥሩን ጽፎ ወደ ክፍሉ ሄደ። ማንም አልነበረም። ወረቀቱ ፊት ቆሞ ቀጥ ያለችውን መስመር ለረጅም ጊዜ አየ። በላይዋ ቀጭን መስመር አሰመረ እንጂ አላጠፋትም። የድንጋዮቹን ክብደት ቀነሰ። ከአራቱ መስመሮች ሁሉ ዝቅ ብሎ፣ ከወረቀቱ ታችኛ ጠርዝ አጠገብ፣ በግንቦት ላይ አንድ ነጥብ አስቀመጠ። ከዚያ በሚያዝያ ላይ አንድ፣ በመጋቢት ላይ አንድ። እርሳሱን አነሣ።

«አያገናኟቸውም?» አልኩት።

እርሳሱን ዘረጋልኝ።

«አንተ አገናኛቸው» አለኝ።

ወረቀቱ ዛሬም ቤቴ አለ፤ እጥፋቱ ላይ ተቀዷል። ነጥቦቹ ሦስት ናቸው። እስካሁን አልተገናኙም።